አንድ ጥይት የሚጎርሰው ሽጉጥ
በየትኛው ዓመት እንደሆነ ልክ አላስታውሰውም። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ውስጥ ነው፤ ሊንውድ በምትባል የፈረንጅ ከተማ ካለ አንድ የኢላማ መተኮሻ ቤት የጽዳት ሥራ ይዤ ነበር።

ጠዋት ጠዋት፣ ሰው ሳይበዛ፣ አንድ ፈረንጅ ሽማግሌ ይመጣሉ። ሌላው ካዝናውን ሞልቶ ሲያንጣጣው ይውላል። የእሳቸው ሽጉጥ ግን አንድ ጥይት ብቻ ነው የሚጎርሰው። አፈሙዙ ረዘም ያለ፣ እጀታው እንጨት። ከወገቡ ሰበር አድርገው ይከፍቱታል፣ አንዷን ይከታሉ፣ ይዘጋሉ፣ ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ። ዱሮ አጋዘን ያድኑበት ነበር። «አንዷን ከሳትክ አጋዘኑ አይጠብቅህም» ይሉኛል። አገር ቤት የማውቀው ውጅግራ ጠመንጃም እንዲሁ አንድ ጥይት ብቻ ይጎርስ ነበርና፣ ቆሜ ማየት እወድ ነበር።

አንድ ቀን «ሞክረው» ብለው ዘረጉልኝ። ትልቅ ሰው ሲሰጥ በአንድ እጅ አይቀበሉም። ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ ስቀበል አፈሙዙ ዞሮ ደረታቸው ላይ ተቀሰረ። ጥይት የለውም፤ ግን እዚያ ቤት ባዶ የሚባል ሽጉጥ የለም። የቤቱ አለቃ አይቶ ጮኸ። ነጠቀኝና በሩን አሳየኝ። ተባረርኩ ማለት ነው። በእኔ ዕድሜ ሌላ ማን ይቀጥረኛል?

ካሸር ላይ የምትሠራው የአገሬ ልጅ ሮጣ መጣች።

«አባባ፣ ምን ነካዎት? ሽጉጥ እኮ ነው፣ ጠበል አይደለም!»

«ታዲያ ሽማግሌ ሲሰጠኝ ልመንትፋቸው?»

«እዚህ እጅ በእጅ አይሰጥም። እሳቸው ከፍተው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣሉ፣ እርስዎ ከዚያ ያነሳሉ።»

«እንደ ተኳረፈ ሰው?»

«ኦኬ፣ እንደ ተኳረፈ ሰው!»

ሽማግሌውም «እጁ ላይ የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። አለቃው አልሰማቸውም። ልጅቷ በእንግሊዝኛ ብዙ አስረዳችው፤ እሷንም እንቢ አላት። በመጨረሻ አንድ የወረቀት ብርጭቆ ውሃ ሞልታ አስያዘችውና ወደ እኔ እያመለከተች «ለእሳቸው ስጣቸው» አለችው። ሰጠኝ። ተናድጃለሁ፣ ፈርቻለሁም፤ እጆቼ ግን ሁለቱም ተዘረጉ፣ ወገቤም ጎበጠ። አለቃው አየኝ፣ እሷን አየ፣ ልማዴ መሆኑ ገብቶት ራሱን ነቀነቀ። «ነገ ይምጣ፤ ግን መጀመሪያ ደንቡን አስተምሪው» አላት።

ከዚያ ወዲህ ሽማግሌው ሽጉጡን ከፍተው ጠረጴዛ ላይ ያኖሩልኝ ነበር፣ እኔም አነሳ ነበር። ከብዙው አንዷን እመታ ነበር። እንደዚያ ረጋ ብሎ የሚተኩስ ሰው አሁን አይታየኝም፤ ሽጉጡም ከእሳቸው ጋር የቀረ መሰለኝ። ያን ቀን እንጀራዬን ያተረፈችልኝ ግን ያቺ ካሸሯ ናት፤ የሰው አገር የአገሬ ልጅ።