መርዶ ይዞ ከመርከብ የወረደው ሰው

ሙጠሊብ ሳሊሕ በአሥራ ስምንት ዓመቱ ከአሰብ ወደብ እንደ ዕቃ ተጭኖ ወጣ። ዘመኑ የአፈሳ ዘመን ነበር፤ ጢሙ ያላቀመቀመ ጎረምሳ ሳይቀር ከገበያና ከመንገድ እየተለቀመ ወደ ጦር ግንባር ይጫን ነበር። ሙጠሊብ ከባቲ ወርዶ ጆንያ እየተሸከመ የሚያድር የወደብ ኩሊ ነበርና፣ አንድ ቀን ማለዳ አፋሾቹ በሩን ሲይዙት መውጫ አጣ። የዚያን ዕለት የሚጫነው በጨው የታሸ የበሬ ቆዳ ነበር። ከክምሩ ሥር ገባ። ከላዩ ሌላ ቆዳ ወረደበት፤ የመርከቡ ዕቃ ቤት ክዳንም ተዘጋ።

አራት ቀን ውኃ አልቀመሰም፤ ብርሃን አላየም። ሌሊት ሌሊት ብረቱ የሚያወጣውን ላብ በምላሱ እየላሰ ነፍሱን አቆየ። በአምስተኛው ቀን ስዌዝ ላይ ክዳኑ ሲከፈት፣ አንድ ሽማግሌ ምግብ አብሳይ ከቆዳው መሐል የሰው እግር አየ። ሽማግሌው አልጮኸም። መጀመሪያ ውኃ፣ ቀጥሎ ሻይ፣ ከዚያ ደግሞ ድንች መላጫ ቢላዋ ሰጠው። ሙጠሊብ የባሕር ሰው ሆኖ የቀረው እንዲህ ነው።

እሱ ተረፈ፤ እናቱ ግን አልተረፈችም ማለት ይቻላል። ከአሰብ የመጣ አንድ ነጋዴ ባቲ ገበያ መሐል አግኝቷት፣ ማሽላዋን እንደተሸከመች «ልጅሽን ባሕር በላው» አላት። አንድ ዘመድ አጠገቧ አልነበረም። እዚያው ወደቀች። ከሁለት ዓመት በኋላ የልጇ ደብዳቤ ሲደርስ ደስታዋ ወሰን አልነበረውም፤ ቀኝ እጇ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ እንደተንቀጠቀጠ ቀረ። ሙጠሊብ ይህን ሲሰማ «መርዶ እንደ ዕቃ ዋጋ ገበያ ላይ አይነገርም» ብሎ በልቡ ያዘ።

በ1988 ዓ.ም. ክረምት፣ ወደ አላስካ በሚመላለስ የመንሸራሸሪያ መርከብ ላይ ድስት አጣቢ ሆኖ ሳለ የአጎቱ ደብዳቤ ደረሰው። እናቱ አርፋለች። ከታች እንዲህ ይላል፦ «ለእህትህ ለሰውዳ አልነገርናትም። ሰው አገር ብቻዋን ናት። አደራ፣ በስልክ እንዳትሰማ።»

ሰውዳ በሱዳን በኩል ወጥታ ሳን ሆዜ የምትኖር ታናሹ ናት። ቀን ቀን በአንድ ፋብሪካ የኮምፒውተር ዕቃ ትገጣጥማለች። ከተለያዩ አሥራ ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል። መርከቡ በዚያ ወቅት ሳን ፍራንሲስኮ የሚያርፈው አንድ ቀን ብቻ ነበር፤ እሱም በነሐሴ። ስለዚህ ሁለት ወር ሙሉ ኀዘኑን ዋጥ አድርጎ ድስቱን ፈተገ። ሊያርፉ ሦስት ሳምንት ሲቀራቸው ደወለላት።

«እማዬ ደህና ናት?» አላት፣ ሰምታ እንደሆን ሊያጣራ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ናት» አለችው።

አልሰማችም ማለት ነው። ስልኩን ዘግቶ ወደ ድስቱ ተመለሰ።

ሳን ፍራንሲስኮ በሚያርፉበት ቀን መርከቡ ገና በማለዳ ቆመ። መንገደኞቹ በታክሲና በትልልቅ አውቶቡስ እየተጫኑ ሄዱ። ሠራተኞቹ ወረቀታቸው እስኪታይ ተሰልፈው ቆዩ። ሙጠሊብ የተለቀቀው ረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ መርከቡ ላይ መገኘት አለበት፤ ያልተገኘ ሰው ሥራውም ይቀራል፣ ስሙም ለኢሚግሬሽን ይተላለፋል። በስድስት ሰዓት ውስጥ የማያውቀው አገር ገብቶ፣ እህቱን አግኝቶ፣ የእናቷን ሞት ነግሮ፣ አስለቅሶ፣ አጽናንቶ መመለስ ነበረበት። ሌሊቱን ሲያጥብ አድሮ ዓይኑ አሸዋ የገባበት ይመስል ነበር።

ሰውዳ መንገዱ እንዲያጥር ብላ፣ ቀጠሮውን ዩኒየን ሲቲ ባለችው ጓደኛዋ በዘቢባ ቤት አድርጋዋለች። የሚቀበለውም ሰው ልካለች። ሰውየው ከወደቡ በር ማዶ፣ በዚያ በሚጋረፍ ነፋስ ውስጥ፣ ኮትና ከረባት አድርጎ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ስድሳውን ያለፈ፣ ቀጭን፣ ባርኔጣው ያልተዛነፈ ሽማግሌ ነው።

«የሰውዳ ወንድም አንተ ነህ። አፍንጫህ ተናግሯል።»

«ጋሽ ጥሩነህ ነዎት?»

«ነኝ። ሻንጣህን ወዲህ በል።»

«ኧረ በአላህ! እርስዎ ተሸክመው እኔ እጄን አወዛውዤ ልሄድ?»

«ስጥ አልኩህ። ዛሬ አንተ አትሸከምም።»

ከብዙ ግብግብ በኋላ ሻንጣው ወደ ሽማግሌው ሄደ። አውቶቡሱ ከሃያ ደቂቃ በኋላ መጣ። ሙጠሊብ ሃያ ዶላር ሲያወጣ ሾፌሩ ራሱን ነቀነቀ፤ ጋሽ ጥሩነህ የሁለቱንም ሳንቲም ሳጥኑ ውስጥ አንጠባጠበ።

«መልስ አይሰጡም» አለ ሲቀመጡ። «ይኸው አሥራ አንድ ዓመት ቢሮ አጸዳለሁ። መኪና የለኝም። አንድ ቀን ግን ዘግይቼ አላውቅም።»

ከዚያ በኋላ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ስለ ባሕሩ አልጠየቀም፣ ስለ አላስካ በረዶ አልጠየቀም፤ አበሻ ከአበሻ ሲገናኝ የሚጠይቀውን «የማን ልጅ ነህ» እንኳ አልጠየቀም። ሙጠሊብ ነገሩ ገባው፤ ቢያንስ የገባው መሰለው። ሽማግሌው የእናቱን ሞት ሰምቷል፤ ለሰውዳ ሲነገራት እንደ አባት ሊቆም ነው የመጣው። መርዶ ደግሞ በመንገድ አይወራም። እሱም አላነሣውም።

ከአውቶቡሱ ወርደው ከመሬት ሥር ወዳለው ጣቢያ ገቡና ባቡር ያዙ። ባቡሩ ከባሕሩ ሥር ሲገባ የሙጠሊብ ጆሮ ተደፈነ። ዕድሜውን ሙሉ በባሕር ላይ ሲሄድ፣ ከሥሩ ማለፉ የመጀመሪያው ነበር። በልቡ የሚነግራትን ቃል ይደረድራል፦ ‘ሰውድዬ፣ የአላህን ሥራ...’ እያለ። ይጀምርና ይጠፋበታል።

ኦክላንድ ሲደርሱ ጋሽ ጥሩነህ ተነሣ። «እዚህ እንወርዳለን።»

«ዩኒየን ሲቲ ደረስን?»

«ገና ነው። እህል ትቀምሳለህ።»

«ጋሼ፣ መርከብ ላይ በልቻለሁ!»

«የመርከብ ምግብ ምግብ ነው?»

«ሰዓቱስ?»

«ሰዓቱን ለእኔ ተወው።»

ትልቅ ሰው ነው፤ ምን ይባላል? ቴሌግራፍ አቬኑ ላይ በእግራቸው ተጉዘው አንዲት ጠባብ ምግብ ቤት ገቡ። ባለቤቷ እታገኝ ገና ከበሩ ጮኸች።

«ጋሽ ጥሩነህ! ዛሬ ደግሞ ከረባት! በስተርጅና ሊያገቡ ነው?»

ጋሽ ጥሩነህ ቅንድቡን ወደ ሙጠሊብ ሰበቀ። ሴትዮዋ ሙጠሊብን አየችው፤ ሳቋ ፊቷ ላይ ደረቀ። «ውይ... ግቡ፣ ግቡ የኔ ወንድም» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

የሥጋ ነገር አልተነሣም፤ አንዱ እስላም፣ አንዱ ክርስቲያን፣ ወሩም ፍልሰታ ነው። ሳይታዘዝ ሽሮ መጣ። ሙጠሊብ እጁን ታጥቦ ሲጠብቅ ሽማግሌው አይቀርብም።

«እርስዎስ?»

«ፍልሰታ አይደል? ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ አልቀምስም። አንተ ብላ።»

ሙጠሊብ ደሙ ፈላ። የማይበላ ሰው፣ ያልራበውን ሰው፣ ደቂቃው እያለቀ እዚህ ምን ሊያደርግ ወሰደው? ሻንጣውን አንሥቶ ሊወጣ ቃጣው። ግን ባቡሩን አያውቀውም፤ ባያውቀውም ጠይቆ ይደርስ ይሆናል፤ መርዶን ግን ያለ ሽማግሌ ብቻውን ምን ብሎ ይጀምረዋል? ጎረሰ። ቶሎ ቶሎ ሲጎርስ ጋሽ ጥሩነህ «ቀስ በል» አለና፣ ራሱ እየጾመ በገዛ እጁ ጠቅልሎ አጎረሰው። ሁለተኛም አጎረሰው። እታገኝ ከወዲያ ሆና ታያለች፤ ዓይኗን በመቀነቷ ጠረገች።

ወደ ጣቢያው ሲመለሱ ባቡሩ አፍንጫቸው ሥር በሩን ዘጋ። ሌላ ሃያ ደቂቃ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ዩኒየን ሲቲ ሲወርዱ ሰባት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ሙጠሊብ ቢያሰላው ከስምንት ሰዓት ከሩብ በላይ መቀመጥ አይችልም፤ የቀረው አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም።

በሩን የዘቢባ ትንሽ ልጅ ከፈተችና ወደ ውስጥ ጮኸች፦ «ማም! ሂ ኢዝ ሂር!»

ቤቱ በሰው ሞልቷል። ወንዶቹ ጫማቸውን አውልቀው ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሴቶቹ ጥቁር ሻሽ አስረዋል። ሙጠሊብ ልቡ ረጋ። ‘ተመስገን፣ ለእህቴ ሰው ተሰብስቦላታል’ አለ። ሰውዳ ከጥጉ ተነሣች። ትቷት ሲሄድ ጥርሷን የምትነቅል ልጅ ነበረች፤ አሁን ፊቷ የእናታቸው ፊት ነው። ተቃቀፉ። አላለቀሰችም፤ ከንፈሯን ነክሳ ያዘች። እሱም ያዘ። ተያይዘው ተቀመጡ፤ እጇን አልለቀቀም።

ጋሽ ጥሩነህ ባርኔጣውን አውልቆ ፊት ለፊት ቆመ። አንድ ነጭ ጢም ያላቸው ሐጂም አጠገቡ ተነሡ።

«ልጄ ሙጠሊብ» አለ ጋሽ ጥሩነህ። «አንተ የባሕር ሰው ነህ፤ ብዙ አይተሃል። እናት ለማንም ዘላለም አትኖርም...»

ሙጠሊብ ሽማግሌው የተሳሳተ መሰለው። ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ «ጋሼ፣ እሷን ነው እንጂ» አለው።

«ማንን?»

«እሷን ነዋ የምንነግራት! እኔማ ከሰማሁ ሁለት ወር ሆነኝ።»

 ሰውዳ እጇን ከእጁ አወጣች።

«ታውቃለህ?»

«አንቺስ?»

«ከሰማሁ ሃምሳ ቀኔ። ከደሴ የመጣች ሴት ነግራቸው፣ እነ ዘቢባ ናቸው በማለዳ መጥተው ያረዱኝ።»

«ታዲያ ስደውል ደህና ናት ያልሽኝ?»

«‘እማዬ ደህና ናት?’ ስትለኝ አለመስማትህን አይቼ ነዋ! ምን ልበልህ?»

«እኔም ደህና ናት ስትይኝ አለመስማትሽን አይቼ ነዋ!»

ጋሽ ጥሩነህ ባርኔጣውን እንደያዘ ቀረ። «ይኸን ሁሉ ሽሮ ያበላሁህ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ከሰማህ በኋላ እህል አይወርድልህም ብዬ ነበር።»

መጀመሪያ የሳቀችው ከጥግ የተቀመጠች አሮጊት ናት፤ አፏን በሻሿ ይዛ። ከዚያ ዘቢባ። ከዚያ ሐጂው ሳይቀሩ። ሙጠሊብም ሳቀ፤ ሳቁ ግን መሐል ላይ ተሰበረና ሌላ ድምፅ ሆነ። ሁለት ወር በድስት እንፋሎት ውስጥ የያዘው ሁሉ ወጣ። ሰውዳ አንገቱ ሥር ገባች። ሴቶቹ ተቀበሏቸው። ሐጂው ዱዓ አደረጉ፤ ጋሽ ጥሩነህ ግድግዳውን ተደግፎ በራሱ ጸሎት ከንፈሩን አንቀሳቀሰ።

ስምንት ሰዓት ከሩብ ሲሆን ሽማግሌው ሰዓቱን አየ።

«አይሄድም!» አለች ሰውዳ። «ሙጤ፣ ቅር። ስንቱ ከመርከብ ወርዶ ቀርቷል። ወረቀቱ ይደርሳል።»

ሙጠሊብ ምንጣፉን አየ። ድካሙ «ተኛ» ይለዋል። «አንዴ ተደብቄ ወጥቻለሁ» አላት። «ሁለተኛ ተደብቄ አልኖርም። በበር እመጣለሁ።»

ሰውዳ እስከ ወደቡ ልትሸኘው ተነሣች፤ ጋሽ ጥሩነህም ሻንጣውን ያዘ። ባቡሩ ውስጥ ሙጠሊብ የእህቱ ትከሻ ላይ ራሱን ጥሎ ተኛ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ሰውዳ ከዘቢባ ቤት የጠቀለለችውን ዳቦ ለሽማግሌው ዘረጋችለት።

«ባቡር ውስጥ መብላት ክልክል ነው» አለ ጋሽ ጥሩነህ፣ ዳቦውን ጭኑ ላይ አድርጎ። ከወደቡ ፊት ለፊት እስኪደርሱ አልነካውም።

አሥር ሰዓት ሊሆን ሰባት ደቂቃ ሲቀረው ሙጠሊብ ደረጃውን ወጣ። በዚያው ምሽት ድስቱ ይጠብቀው ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ ዲቪ ደረሰው። ዛሬ ኦክላንድ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ማብሰያ ቤት ይሠራል፤ እሑድ እሑድ በባቡርና በአውቶቡስ ሳን ሆዜ ድረስ እህቱ ዘንድ ይሄዳል። ጉልበቱ ደክሟል፣ እጁ በሳሙና ተልጧል፤ ስለ ራሱም ብዙ አይናገርም። ለምን ያን ቀን እንዳልቀረ ሲጠይቁት ግን እንዲህ ይላል፦

«መርከቡን ብትተወው ኖሮ ሁለት ዓመት ትቀድም ነበር ይሉኛል። ይሆናል። እናቴ ሞታ ሁለት ወር ድስት ሳጥብ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሐል ‘ምን ሆነሃል?’ ያለኝ አልነበረም። እኔም አልተነፈስኩም። ያን ቀን ግን መልኬን እንኳ አይተው የማያውቁ ሰዎች ሥራቸውን ትተው፣ መሬት ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። ሰው ጠበቀኝ።»