የደንዲ ጓሳ አንድ ነው ወይስ ሁለት?

ማክሰኞ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፤ አምቦ

ምዕራብ ሸዋ ውስጥ እኔን ሳያስፈቅድ የሚበቅል ሳር የለም። ከእጃጂ ሜዳ እስከ እንጭኒ ደጋ ያለውን ሁሉ በስሙ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ጠርቼ አቤት አስብዬዋለሁ። የደረቁ ዕፅዋት በሚቀመጡበት ክፍል ሃያ ሦስት ዓመት ስሠራ የአምቦ ላሞች እንኳ ሳያማክሩኝ አይግጡም ነበር።

ይህን ሁሉ የመኪናው ሞተር እስኪሞቅ ድረስ ለሾፌራችን ለገመቹ እነግረዋለሁ። ገመቹ በትዕግሥት አዳመጠኝና ጎንበስ ብሎ ከጎማው ሥር አንዲት ዘለላ አነሳ።

«ኦቦ ደምሴ፣ ይሄስ ማን ይባላል?»

ተቀበልኩት። አሸተትኩት። ከእጄ እስከ ክርኔ የሚደርስ የላቲን ስም አወጣሁለት። «ብርቅ ነው፤ በዕድሜዬ ሁለቴ ብቻ ነው ያገኘሁት» አልኩ።

«ጋሼ» አለች ሌንሴ ከኋላ ወንበር፣ «የጤፍ ጭድ ነው። አሁን ያለፈው አህያ ነው የጣለው።»

ገመቹ መሪውን ተደግፎ ሲስቅ ጥሩምባው ጮኸ። ከአምቦ የወጣነው በዚህ አጀብ ነው።

ስለ ሌንሴ ልንገራችሁ። የጉደር ልጅ ናት፤ ለሁለተኛ ዲግሪዋ የምታጠናው ብርድ የሚወዱ ሳሮችን ነው። ደንዲ ተራራ ላይ የሚበቅለውን ጓሳ መጻሕፍቱ አንድ ዝርያ ይሉታል። እሷ ሁለት ነው ትላለች። በመልክ ብቻ ከሆነ ክርክሩ አያልቅም። ስለዚህ የእያንዳንዱን ተክል ቅጠል ፈጭታ፣ ዘረመሉን አውጥታ፣ በውስጡ ያለውን የፊደል ሰልፍ ታነባለች። የአንድ ዝርያ ሰልፎች ይቀራረባሉ፤ የሌላው ይርቃል።

ችግሩ ቀኑ ነው። የተራራው ሰው ሳሩን የሚያጭደው ሐሙስ ነው፤ ከታጨደ በኋላ አበባ ያለው ጓሳ የሚገኘው በዓመቱ ነው። አዲስ አበባ ያለው ላብራቶሪም ተራ የሰጣት አንዴ ብቻ ነው። ሁለት ቀን፣ ስልሳ ተክል። ካልሞላ ዲግሪዋ ገደል ገባ ማለት ነው።

ማክሰኞ፣ 2 ሰዓት ከሩብ፤ ጊንጪ

የጊንጪ ብርድ ሰላምታ አይሰጥም፤ በቀጥታ አጥንት ውስጥ ገብቶ ወንበር ስቦ ይቀመጣል። ጨጨብሳ በአሥራ አምስት ብር፣ ሻይ በሁለት ብር። ሦስት ብርጭቆ ሻይ ያዘዝኩት ለመጠጣት ሳይሆን ለመታቀፍ ነው።

ሌንሴ ፖስታዎቹን ጠረጴዛው ላይ ትቆጥራለች። እያንዳንዱ ውስጥ እርጥበት የሚመጥ ሰማያዊ ፍሬ አለ፤ ውኃ ሲጠግብ ሮዝ ይሆናል። ቅጠሉ በፍጥነት ካልደረቀ ዘረመሉ ይበሰብሳል።

«ከእያንዳንዱ ተክል አንዲት የጣት ጫፍ የምታህል ቅጠል ብቻ» አለችን።

«ገብቶናል» አልኩ። ገመቹ ሲያስነጥስ የሻይ ቤቱ መስኮት የተንቀጠቀጠ መሰለኝ።

ማክሰኞ፣ 6 ሰዓት፤ ደንዲ ተራራ

መንገዱ መንገድ መሆኑን የሚያውቀው ገመቹ ብቻ ነው። ከላይ ስንደርስ ጓሳው እስከ ጉልበት ቆሟል፤ ንፋሱ ሲያበጥረው ተራራው ሁሉ የሚተነፍስ ይመስላል።

የተቀበሉን የሳሩ ጠባቂ ኦቦ ፈይሳ ናቸው፤ ወፍራም ብርድ ልብስ የደረቡ፣ ሳቅ የማይቸኩልባቸው ሽማግሌ። «አከም ጅርቱ» ተባብለን ጉዳያችንን አስረዳን። ክረምቱን ሙሉ ከብት ያልገባበት ሳር ነው፤ የሚታጨደው ለማድቤትና ለበረት ክዳን፣ ለገመድም ነው።

«ውሰዱ» አሉ። «ግን ከሐሙስ በፊት ስለት አይገባበትም። ማጭድ ቢሆን፣ ቢላ ቢሆን።»

«መቀስስ?» አለች ሌንሴ።

«መቀስ ስለት አይደለም እንዴ?»

መቀሱንና ምላጩን ሰበሰቡና ጎጇቸው በር ላይ አስቀመጡት። ስልሳ ተክል በጥፍር ልንነጭ ነው። ገመቹ «ኦቦ ደምሴ፣ እርስዎ በጥርስ ይሞክሩ፤ ላሞቹ ያማክሩዎት የለ» አለኝ።

ሥራው ተከፋፈለ። ሌንሴ ተክሉን ቁጥር ትሰጠዋለች፣ ቅጠል ትነጫለች። እኔ ቅጠሉ ከግንዱ የሚለይባትን ስስ ሽፋን አያለሁ፤ ሌንሴ ሁለቱ የሚለዩት በእሷ ነው ትላለች፤ ጠርዟ ላይ ፀጉር ካለ «ሀ»፣ ከሌለ «ለ» ብዬ እመዘግባለሁ። ከዚያ አበባ ያለውን ዘንግ ከነቅጠሉ ጋዜጣ መሐል አስቀምጠን በጣውላ እንጭናለን።

ኦቦ ፈይሳ ከኋላዬ መጥተው እኔ የጨረስኩትን ያነሳሉ። ጣታቸው ላይ ሁለት ዙር ይጠመጥሙታል።

«ኩን ላኪ» አሉ አንዱን። «ይሄ ከእነዚያ አይደለም። ይሄ ይሰበራል፣ አያስርም።»

«ኦቦ ፈይሳ፣ ሳይንስ በጣት አይጠመጠምም» አልኳቸው። ሌንሴ ግን ያሉትን ሁሉ በደብተሯ ጠርዝ ላይ ትጽፋለች። ተናደድኩ፤ እኔ ሃያ ሦስት ዓመት፣ ሰውየው አንድ ጣት!

ረቡዕ፣ 5 ሰዓት፤ እዚያው

ጉድ ፈላ። ትናንት ላግዝ ብዬ ቅጠል እየነጨሁ ወደ ፖስታ ሳስገባ የዋልኩት እኔ ነኝ። የጣት ጫፍ ማለቷን ረስቼ ፖስታውን ሁሉ እንደ ፍራሽ ጠቅጥቄዋለሁ። ፍሬው በሙሉ ሮዝ ሆኗል። ቅጠሉ ላብ ላብ ብሎታል።

ሌንሴ ትናንት የሞላናቸውን ሃያ ስድስት ፖስታዎች መሬት ላይ ዘረጋች።

«እንመለስ?» አለ ገመቹ። «አምቦ ሄደን ሌላ ፍሬ ይዘን...»

«ሐሙስ ነገ ነው። አንመለስም» አለች። «ፍሬው ከሞቀ ውኃውን ይተፋል። ብረት አምጡልኝ።»

ገመቹ እያቃሰተ የጎማውን የብረት ክዳን ፈታ። የኦቦ ፈይሳ ባለቤት አዴ ጫልቱ ከምግባቸው እሳት ራቅ አድርገው በረት አጠገብ ሌላ እሳት አነደዱልን። ሌንሴ ሮዙን ፍሬ ክዳኑ ላይ ደፍታ በእንጨት ታማስል ጀመር።

«ማሊ ኩን? ምንድን ነው፣ ሽምብራ ነው?» አሉ አዴ ጫልቱ።

«አይ አዴ፣ አይበላም። መርዝነት አለው፤ አይንኩት።»

«አይበላም? ታዲያ ለምን ትቆይዋለሽ?»

«የዚህን ተራራ ጓሳ ስንት ዓይነት እንደሆነ ለማወቅ።»

አዴ ጫልቱ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ሳቁ። «ሁለት ነው! ይህን ለማወቅ ነው ድንጋይ የምትቆይው? አንዱ ገመድ ይሆናል፣ አንዱ አይሆንም። አትጠይቂኝም ነበር?»

«ጽፌዋለሁ፣ አዴ» አለች ሌንሴ፤ እጇ ማማሰሉን አላቆመም። «ጽፌው ግን ምሁራኑ አያምኑኝም። የሚያምኑት ፊደሉን ነው።»

ከአንድ ሰዓት በኋላ ፍሬው አንድ በአንድ ወደ ሰማያዊ ተመለሰ። በሕይወቴ ብዙ ቆሎ በልቻለሁ፤ እንደዚያ ምራቄን ያስዋጠኝ ግን አልነበረም። የበሰበሰውን ቅጠል ጥለን ከሃያ ስድስቱ ተክሎች እንደገና ነጨን፤ በዚህ ጊዜ የጣት ጫፍ ብቻ። ፖስታ ከመንካት ታገድኩ። ደብተሩና «ሀ»፣ «ለ» ብቻ ቀሩኝ።

ሐሙስ፣ 1 ሰዓት፤ ምሥራቁ ተዳፋት

አሥራ ሁለት ተክል ሲቀረን ሰው ማጭዱን ይዞ መውጣት ጀመረ። ሳሩን እያጨዱ፣ እየዘፈኑ፣ ከታች ወደ ላይ ይመጣሉ። እኛ ከላይ ወደ ታች እንወርዳለን። ሌንሴ ጥፍሯ ደምቶ በጨርቅ ጠቅልላዋለች።

«ጋሼ፣ ሃምሳ ስድስት!»

«ሀ!»

«ሃምሳ ሰባት!»

«ለ! ቀጥዪ!»

ስልሳኛውን ስትነጭ የመጀመሪያው ማጭድ ከእሷ አሥር እርምጃ ላይ ነበር። ኦቦ ፈይሳ መቀሳችንን መለሱልን። «ገለቶማ» ብለን አመሰገንናቸው። ከጊንጪ በታች ሙቀቱ ሲመለስ ገመቹ ክዳን በሌለው ጎማው እየተሳቀቀ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አምቦ አስገባን።

ከወራት በኋላ፤ አምቦ፣ የደረቁ ዕፅዋት ክፍል

ሌንሴ ከአዲስ አበባ መጣች። ፊቷ ጠቁሯል። ውጤቱ ወጥቷል፤ ሰልፎቹ ቁልጭ ብለው ለሁለት ተከፍለዋል። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ግን ከስልሳው አሥራ አንዱ ደብተሩ ላይ «ሀ» ተብለው በፊደላቸው ከ«ለ» ጋር ተገኝተዋል። አማካሪዋ «የናሙና ቱቦ ተቀላቅሎብሻል፤ ውጤቱን ጣይውና ለከርሞ እንደገና ሰብስቢ» ብሏታል።

«ላብራቶሪ ውስጥ ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ጋሼ» አለች። «የእርስዎ ምዝገባማ የሃያ ሦስት ዓመት ነው። እሱን ማን ይጠራጠራል?»

ቀልድ ፈለግሁ። አፌ ውስጥ አንድም አልነበረም።

«ቱቦው አልተቀላቀለም» አልኳት። «ፀጉሩን አላየሁትም። ተራራው ላይ ከቁመቱና ከቀለሙ እየገመትኩ ነው የጻፍኩት።»

 አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። በጋዜጣ የደረቁትን ተክሎች አውጥታ በአጉሊ መነጽር ራሷ አንድ በአንድ ታያቸው ጀመር። እኔ ቁጥር እጠራለሁ፣ እሷ ትመልሳለች። ለምሳ አልወጣንም። አሥራ አንዱም «ለ» ነበሩ። በደብተሯ ጠርዝ ላይ እንደጻፈችው ኦቦ ፈይሳም አሥራ አንዱንም «ይሰበራል» ብለዋቸው ነበር። የደንዲ ጓሳ ሁለት ነው፤ የሌንሴ የዲግሪ ጽሑፍም በዚሁ ሄደ፤ ስህተቱ የመዝጋቢው መሆኑ በደብዳቤ ለአማካሪዋ ተገለጸ። ደብዳቤውን የፈረምኩት እኔ ነኝ።

የመነጽሬ ቁጥር ሁለት ተኩል ነው። የዓይን ሐኪም ያዘዘልኝ ከአራት ዓመት በፊት ነው፤ በዚያው ሳምንት አሠርቼዋለሁም። ሽማግሌ ያስመስለኛል ብዬ የጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ቆልፌበት ኖርኩ።