መዶሻው ያነጠፈው ደጅ

ሰፈሩ ሁሉ «መዶሻው» ይለዋል። ሥራው ማፍረስ ነው፤ ያዘመመ አጥር፣ የተሰነጠቀ መጋዘን ካለ የሚጠራው እሱ ነው። ግድግዳ ሲወድቅ ከአቧራው ውስጥ መጀመሪያ የሚታየው የሚስቀው ጥርሱ ነው። የኮንክሪቱን ፍርስራሽ ገደል መድፋት ግን ሁልጊዜ ያንገበግበዋል፤ ደህና ድንጋይ እንዴት ይጣላል?

አንድ ክረምት ግቢው በጭቃ ላቆጠ። ከእሱና ከሚስቱ ጋር የሚኖሩት አማቱ ውሃ ሊቀዱ ሲወጡ አዳልጧቸው ዘጭ አሉ። እሱ ሊያነሳቸው ሲሮጥ፣

«አትቸኩል፣ አልሞትኩልህም!» አሉት።

ደግነቱ ከቀሚሳቸው በቀር የተጎዳ አልነበረም። እሱ ግን አንጀቱ አልቻለም። በማግስቱ ካፈረሰው መጋዘን ፍርስራሹን በጋሪ አስጭኖ ግቢው ውስጥ ከመረው።

ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ፣ «ሰው ቆሻሻ ከቤቱ ያወጣል፤ አንተ ታስገባለህ?» አለችው።

«ጠጠር ነው እኮ! ገና አልተከሰከሰም እንጂ።»

ብረቱንና እንጨቱን ለቅሞ አወጣ፤ የቀረውን ከስክሶ በወንፊት ነፋው። ከአሸዋና ከሲሚንቶ ጋር አቡክቶ በአማቱ ክፍል ደጅ ላይ ሊያነጥፈው ቢሞክር፣ ገና ሳያስተካክለው ድርቅ አለበት። ከቀናት በኋላ ሲረግጠው ፍርፍር!

«ሥራህ መሆኑን እኮ እናውቃለን፤ እዚህም ማሳየት አለብህ?» አለች ሚስቱ፣ ሳቋ እያፈናት።

ባርኔጣውን አውልቆ የጠጠሩ ክምር ላይ ቁጭ አለ። ውሃ ቢጨምርበት ሲሚንቶው ይላላል፤ ቢቀንስ ጭራሽ አይላወስም። አማቱ የታጠቡበትን ውሃ አጠገቡ ደፉት። ጠጠሩ ስስ ድምፅ እያሰማ ውሃውን ጭልጥ አደረገው።

«ኧረ የኔ ልጅ፣ ድንጋይህ ጠምቶታል!»

መዶሻው ብድግ አለ። «እማማ፣ አገኙት!» አሮጌው ሲሚንቶ እላዩ ላይ ስለተጣበቀ፣ ጠጠሩ ለአዲሱ ሲሚንቶ የታሰበውን ውሃ እየጠጣበት ነበር። እንግዲህ ቀድሞ ይጠጣ! በርሜል ውስጥ ዘፍዝፎ አሳደረው፤ አጠንፍፎ አቦካው። ይኼኛው እሺ ብሎ ተነጠፈ። እንዳይሰነጠቅ እርጥብ ጆንያ አልብሶ አሰነበተው።

ጆንያው የተነሳ ለታ አማቱ ትከሻውን ይዘው አንድ እግራቸውን አሳረፉ። ከዚያ ለቀቁትና በሁለት እግራቸው ደጋግመው ረገጡት።

«ተው እንጂ! እንደዚህ ከሆነማ ጫማ ግዛልኝ!»

ልቡ ቅቤ ጠጣ። ጎረቤቶችም እየመጡ በተረከዛቸው ሞከሩት፤ አንዷማ «የኔንም ደጅ» ብላ ቀጠሮ አስያዘችው።

ሚስቱ ከስፌት ሱቋ በር ሆና፣ «የኔ ደንበኞችስ በጭቃ ይግቡ?» አለችው።

«እመቤት፣ ሰልፍ ያዢ!»

የልብስ መለኪያ ሜትሯን ወረወረችበት። ቀለበውና ተንበርክኮ የሱቋን ደጅ ወርድ መለካት ጀመረ።