«ለሚመለከተው አካል»

ወረታ ውስጥ የምሠራውን ሥራ ለዘመድ ማስረዳት ይቸግረኛል። ገበሬዎች የሚደውሉበት የስልክ መስመር አለን፤ የሚያነሳው ግን ሰው ሳይሆን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። በአማርኛ ያዳምጣል፣ በአማርኛ ይመልሳል። ከመመለስ አልፎ የሆነ ነገር ማድረግ ሲኖርበት «መሣሪያ» የምንላቸውን ትንንሽ ፕሮግራሞች ያነሳል፦ የዝናብ ትንበያ የሚያመጣለት አለ፣ የሩዝ ዘር መኖሩን የሚጠይቅለት አለ፣ የእንስሳት ሐኪም የሚጠራለትም አለ። የየመሣሪያውን መግለጫ የምጽፈው እኔ ነኝ። ረዳቱ፣ ማለትም ስልኩን የሚያነሳው አስተውሎት፣ የመሣሪያውን ውስጥ አያይም። እኔ የጻፍኩለትን መስመር አንብቦ የትኛውን እንደሚያነሳ ይወስናል።

ቀላል ሥራ ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ክረምት፣ ሰኞ ጠዋት፣ የጥሪዎቹን መዝገብ ሳነብ አንዱ ጋ ስደርስ ቆምኩ። በይፋግ በኩል ካለው ሜዳ አንዲት እናት ቅዳሜ ማለዳ ደውለዋል። ላማቸው እርጥብ ሣር በልታ ሆዷ ተነፍቷል። ረዳቱ በትህትና አዳምጦ «ለሚመለከተው አካል አሳውቄያለሁ» ይላቸዋል። እሳቸውም አመስግነው ይዘጋሉ። ያነሳው መሣሪያ ግን የበሽታ ጥቆማ የሚመዘግበው ነበር። ጥቆማው በሳምንት አንዴ ተጠቃሎ ነው የሚላከው። ሐኪም የሚጠራው አልተነካም።

መግለጫዎቹን ከፈትኩ። የመዝጋቢው፦ «የታመመ እንስሳን በተመለከተ ለሚመለከተው አካል ያሳውቃል።» የሐኪም ጠሪው፦ «የመስክ ባለሙያ ስምሪት ያመቻቻል።» ሁለቱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ብደውል ስልካቸው ዝግ ነው። በማግስቱ ባጃጅ ይዤ መንገዱ እስከሚያስኬድ ሄድኩ፤ የቀረውን በሩዝ ማሳዎቹ ጠርዝ ጠርዝ፣ ጭቃው እየያዘኝ፣ በእግሬ ደረስኩ። ሴትየዋ ስድሳን ያለፉ፣ ቀጠን ያሉ፣ ንግግራቸው የተመጠነ ናቸው። ከየት እንደመጣሁ ነገርኳቸውና «ላሟስ?» አልኩ፣ መልሱን እየፈራሁ።

«ተርፋለች። እስከ ቀትር መንገድ መንገዱን ሳይ ቆየሁ። ኋላ ጎረቤቶቼ ዘይት ጋቷትና እየነዱ ሲያዟዙሯት ተነፈሰላት። ከብዳ ነበር፤ ጨነገፈች።»

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እናቴ።»

ትኩር ብለው አዩኝ። «በስልክ ያናገርሽኝ አንቺ ነሽ?»

«አይደለሁም። ለሚያናግርዎት፣ የቱ መሣሪያ ለምን እንደሆነ የምጽፍለት እኔ ነኝ።»

ሁለቱን መግለጫዎች አነበብኩላቸውና እርስዎ ቢሆኑ የትኛውን ያነሱ ነበር አልኳቸው።

«ፊተኛውን» አሉ ሳያመነቱ። «እሱ የታመመ ይላል። ሁለተኛው ምን እንደሆነ አልገባኝም።» ቀጥለው ጠየቁኝ። «ይኼ የሚመለከተው አካል የምትሉት፣ ማን ነው?»

«መዝገብ ነው» አልኩ። «ሰው አይደለም።»

«ታዲያ መዝገብ ነው ብለሽ አትጽፊም?»

ቁጣ አልነበረባቸውም፤ እሱ ነው ይበልጥ የከበደኝ። ሐኪም ዘንድ ሰው ሲልኩ ምን ብለው እንደሚልኩ ጠየቅኳቸው።

«ላሜ ተነፍታለች፣ ካልተደረሰላት ትሞታለች፣ ሐኪሙን ይዘህ ና እላለሁ። ካጣኸው ግን እዚያው እንዳትቀር፤ ሌላ መላ እንድፈልግ ተመልሰህ ንገረኝ እላለሁ።»

ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ሐኪሙ ስልክ ባያነሳ ረዳቱ ምን ያድርግ የሚለውን እስከዚያ ቀን አስቤው አላውቅም።

ወረታ ተመልሼ ሁለቱንም እንደ አዲስ ጻፍኳቸው። የመዝጋቢው እንዲህ ሆነ፦ «የበሽታ ጥቆማ መዝገብ ላይ ያሰፍራል። ማንንም አይጠራም። ከብቱ አሁን እርዳታ የሚፈልግ ከሆነ ሐኪም የሚጠራውን አንሳ።» የሁለተኛው ረዘመብኝ፦ «ለቀበሌው የእንስሳት ሐኪም ይደውላል። ሆዱ ለተነፋ፣ ምጥ ለጠናበት፣ መቆም ላቃተው ከብት ነው። የቀበሌውን ስምና የደዋዩን ስልክ ቁጥር ይፈልጋል፤ ካላወቅህ ጠይቅ እንጂ አትገምት። ሐኪሙ ካልተገኘ፣ አለመገኘቱን ለደዋዩ በግልጽ ንገረው።»

መሣሪያዎቹን የሚሠራው ባልደረባዬ አነበበና «በዛ» አለኝ። የቅዳሜውን ጥሪ ድምፅ አሰማሁት። ሴትየዋ ሲያመሰግኑ ሲሰማ አንገቱን ደፋ። ከዚያ እኔ የማላውቀውን ነገረኝ፦ ሐኪሙ አነሳም አላነሳም፣ መሣሪያው የሚመልሰው ቃል «ተጠናቋል» ብቻ ነበር። የእኔ መግለጫ ቢስተካከልም ይኼ እስካለ ድረስ ረዳቱ አለመገኘቱን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። በዚያው ቀን «ሐኪሙ አልተገኘም» የሚል መልስ ጨመረበት።

ለአዲስ ዓመት ለሴትየዋ ደወልኩ፤ መስተካከሉንም ነገርኳቸው። መረቁኝ። ወደ መስመሩ ግን እስከ ዛሬ አልደወሉም፤ አልፈርድባቸውም።

መስከረም መጨረሻ ላይ በሬው የታመመበት ሰው ደወለ። ረዳቱ ቀበሌውን ጠየቀ፣ ሐኪሙን ሞከረ፣ ከዚያ «ሐኪሙን ላገኘው አልቻልኩም፤ ሌላ መንገድ ካለዎት አይጠብቁ» አለው። ሰውየው ተቆጣ፤ ምን ትሠራላችሁ ታዲያ ብሎ ጆሮው ላይ ዘጋበት። ከሰዓት በኋላ ቁጥሩን ፈልጌ ደወልኩለት። ወረታ ድረስ በሞተር ሄዶ ሐኪም ይዞ ተመልሷል፤ በሬው መርፌ ተወግቶ ተኝቷል። አሁንም እንደተቆጣ ነበር። የሚለውን ሁሉ እስኪጨርስ አዳመጥኩት።