ሳይወለድ የፈረመው ፊርማ

በዲጂታል መፈረም የሚችል ሰው አለ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ፊርማ አይቼ አላውቅም፤ ግን ከእኔ ቀድሞ እጅ የሚያወጣ ሰው ማየት አልወድም።

አቃቂ ያለው የሸሚዝ ፋብሪካችን ዕቃ የሚልክለት የውጭ አገር ደንበኛ የወረቀት ደረሰኝ አልቀበልም ብሏል። የሂሳብ ሶፍትዌራችን ኤክስኤምኤል የሚባል ፋይል ያወጣል፤ እኔ ፍላሽ የሚመስል ቁልፍ ሰክቼ እፈርምበትና በኢንተርኔት እልካለሁ። ደንበኛው ካልተቀበለው መኪናው ከግቢ አይወጣም።

መኪናው ደግሞ ማክሰኞ ጠዋት ተጭኖ አልቋል። ሾፌሩ የወሎ ሰው ናቸው፤ ጅቡቲ አራግፈው እሑድ ለልጃቸው ኒካህ ኮምቦልቻ መድረስ አለባቸው። ፈርሜ ላክሁ፤ ተመለሰ። ደግሜ ፈረምኩ፤ ተመለሰ። ለአርባኛ ጊዜ፣ እሺ ለሰባተኛ፣ ሲመለስ ወንበሩ እሳት ሆነብኝ። በኮሪደሩ የተመላለስኩት ቢለካ ናዝሬት ደርሼ፣ ምሳ በልቼ በተመለስኩ ነበር። ሾፌሩ በመስኮት ብቅ እያሉ የእጅ ሰዓታቸውን ያሳዩኛል።

«አንተ ልጅ፣ ስም መጻፍ ነው እንዲህ ያስጨነቀህ? ካቃተህ አሻራህን አድርግበትና ልሂድ።»

የስህተቱን መልእክት እስከ መጨረሻው ያነበብኩት ያኔ ነው። የፈረምኩት ቁልፉ ውስጥ ያለው የመፈረሚያ ፈቃድ ከመሰጠቱ ከሰባት ዓመት በፊት ነው ይላል። የኮምፒውተሩን ቀን ባየው እውነትም ሰባት ዓመት ወደኋላ ቀርተናል። ለካ የሂሳብ ክፍል ኃላፊያችን፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ሴት፣ የሚያትሙት ወረቀት የእኛን ቀን እንዲይዝላቸው ብለው ወደ ሐበሻ አቆጣጠር መልሰውት ኖሯል። ላስተካክለው ስል እጄን ያዙኝ።

«በፈረንጅ ቀን የሚውል ኮምፒውተር እኔ ክፍል አያድርም።»

ለአምስት ደቂቃ ብቻ ነው፣ ሙሽራ እየተጠበቀ ነው ብዬ ለመንኳቸው። ሙሽራ የሚለውን ሲሰሙ ለቀቁኝ። ቀኑን ቀይሬ ፈረምኩ፣ ላክሁ፤ ተቀበለ። ሾፌሩ እንኳን ሊያመሰግኑኝ ዞር ብለውም አላዩኝ፤ በሩን ጥሰው ነው የወጡት ማለት ይቻላል።

እኔ ግን እስከ እሑድ አላረፍኩም። ለሾፌሩ ደወልኩ፤ ኔትወርክ የለም። ጥርሴን ስፍቅ ደወልኩ፣ ታክሲ ውስጥ ደወልኩ። እሑድ ከቀትር በኋላ ስልኩ ተነሳ። ከኋላ ድቤ ይመታል። ደረሱ ወይ አልኳቸው።

«ሙሽራውን አስጠብቄው ደረስኩ። በል ዝጋው፣ ሩዙ ቀርቧል።»