ያልወጋሁት ጣት

ያን ሳምንት የማንንም ጣት አልወጋሁም። ከአሶሳ ወጣ ባለችው የሰፈራ መንደራችን ጤና ኬላ ውስጥ አስራ አንድ ዓመት ስሠራ፣ ተኮሰኝ ብሎ የመጣን ሰው ጣቱን ወግቼ፣ ደሙን መመርመሪያው ላይ ጠብ አድርጌ፣ ወባ መሆን አለመሆኑን ሳላይ ሸኝቼ አላውቅም ነበር። ራሴን አመመኝ ያለኝ ሰው ንግግሩን ሳይጨርስ እጁን እይዘዋለሁ። "ይቺ ልጅ ደም ካላየች አታምንም" ይሉኛል፤ እኔም ስሙ ደስ ይለኛል። ያን ሳምንት ግን የኮቪድ ክትባት መጣና ሌላ ሰው ሆንኩ።

ክትባት ሰጪዎቹ ከከተማ የመጡት ሰኞ ጠዋት ነው፤ ማሽላው እሸት ይዟል፣ ትንኙም በዝቷል። ማንጎው ጥላ ሥር ጠረጴዛ ዘርግተው ተቀመጡ። ሰዉ ግን ዳር ዳር ቆሞ ያያቸዋል እንጂ አንድም የሚጠጋ የለም። የተከተበ ሁለት ዓመት አይቆይም ይባላል፣ ሴት ያመክናል ይባላል፣ ምን የማይባል አለ! እኔ ደግሞ ሰው ሲፈራ ያናድደኛል። ከቆሙት መሀል አባቴን አየሁት።

"አባየ፣ ከወሎ እዚህ በረሃ ድረስ ያልፈራህ ሰውዬ ለመርፌ ትሸሻለህ?" አልኩት ጮክ ብዬ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ።

ሰዉ ሳቀ። አባቴ ሰው ፊት መሳቂያ መሆን አይወድም። "አየ አንቺ፣ ምላስሽ!" አለና እጅጌውን ሰብስቦ ተቀመጠ። እሱ ሲወጋ ሌሎቹም እየተጋፉ መጡ። ልቤ በኩራት አበጠ፣ ምን ልዋሽ።

ከዚያ ድምፅ ማጉያውን ይዤ ቆምኩ። "ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ራስ ምታት፣ ቁርጥማት ሊመጣባችሁ ይችላል። ክትባቱ ነው፤ በአንድ ሁለት ቀን ይለቃችኋል። አትደንግጡ፣ ለሱ ብላችሁም እኔ ጋ አትምጡ።" እንዲሁ አልኩ። ካልለቃችሁ ግን ኑ ማለት ነበረብኝ፤ ያንን ዋጥኩት። ሰው ቶሎ ይፈራል ብዬ ነው።

ያልኩት ደግሞ ሆነ። እኔ ራሴ ተከትቤ ክንዴ እንደ ድንጋይ ከበደኝ፣ ማታውን ተንቀጠቀጥኩ፣ ሲነጋ ደህና ሆኜ ተነሳሁ። ከጎናችን ያለው ገበሬ መቆፈሪያ ማንሳት አቅቶት አንድ ቀን ዋለ። ገበያ ባሚያ የሚሸጡት የበርታ ጎረቤታችን ደግሞ ወንድና ሴት በማይለየው ስብርብር አማርኛቸው "እጄ እሳት ሆነ፣ ወላሂ! ነገ ገበያ አይሄድም" ብለው አሳቁን፤ በነጋታው ባሚያቸውን ተሸክመው ሄዱ። እያንዳንዱ ተነስቶ በሄደ ቁጥር እኔ የበለጠ አመንኩ።

አባቴን ማክሰኞ ተኮሰው። ክትባቱ ነው አልኩና ማስታገሻ ሰጠሁት። ረቡዕ ለቀቀውና ዝንጀሮ ሊጠብቅ ማሳ ዋለ። "አላልኩህም?" አልኩት ሲመለስ። ሐሙስ ከሰዓት ግን ሁለት ጋቢ ደርበንለት ጥርሱ ይንገጫገጭ ጀመር።

"ይሄ የወባ ብርድ ነው" አለችኝ እናቴ። "እኔ ይህን አገር ከረገጥኩ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ጣቱን ውጊው።"

"እማየ፣ ሥራዬን ልታስተምሪኝ ነው?"

ዛሬም ይህን አፌን ብቆርጠው እላለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ እኔም ሆዴ ፈርቶ ነበር። ነገር ግን ክትባቱ ሊያልቅ ሁለት ቀን ቀርቶታል፣ የመጀመሪያው የተከተበ ሰው አባቴ ነው፣ መመርመሪያ ይዤ ወደ ቤቴ ስሮጥ ሰው ቢያየኝ ማንጎው ሥር ማንም አይመጣም። ባሚያ ሻጯ ጎረቤታችን ሊጠይቁት ገብተው ሲንቀጠቀጥ አዩትና ወደ እኔ ዞሩ። "ክትባቱ ነው እማማ፣ ነገ ይለቀዋል" አልኳቸው። ሳቅ ብዬም ነበር። እሳቸውም ለጠየቃቸው ሁሉ ያንኑ ነገሩ።

አርብ ምግብ አልቀመሰም። ሽንቱ ጠቁሯል አለችኝ እናቴ፤ ውሃ ስላልጠጣ ነው አልኳት። ለሁሉም መልስ ነበረኝ።

ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ነጠላዋን እየጎተተች ጤና ኬላው ድረስ መጣች። "አባትሽ ወሎ ጥሏቸው የመጣቸውን በሬዎች ፍቱልኝ ይለኛል" አለች። ሮጥኩ። ዓይኑ ቢጫ ሆኗል። ሲያየኝ በሟች እህቱ ስም ጠራኝ። ጣቱን ይዤ ወጋሁት፣ ትንሽ እንኳ አልተሳቀቀም። የደሙ ጠብታ ገና ከመግባቱ ሁለቱ ቀይ መስመሮች ፍጥጥ ብለው ወጡ። ወባ ነው! ያ ሁሉ ቀን ወባ ነበር፣ መድኃኒቱም እኔ በቆለፍኩት ቁም ሳጥን ውስጥ ነበር።

በባጃጅ ይዘነው አሶሳ ገባን። ሐኪሙ ትኩሳቱ ከጀመረው ስንት ቀን እንደሆነ ጠየቀኝ። አምስተኛው ነው አልኩ። "አካባቢያችሁ የሚመረምር የለም እንዴ?" አለኝ። እኔ ነኝ አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና ወደ አባቴ ዞረ። ከሰዓት በኋላ፣ የአስር ሶላት ሳይደርስ፣ አባቴ ሞተ።

ቀብረን ተመልሰን ለቅሶ ተቀመጥን። አንዷ ለቀስተኛ "ምን አገኘው? ሰኞ እኮ ደህና ነበር" ብላ እናቴን ጠየቀቻት። እናቴ መጀመሪያ እኔን አየችኝ። ከዚያ "መርፌው ነው" አለች። እናቴ ውሸት አታውቅም፤ ልጇ አባቷን ሳትመረምር ገደለች እንዳይሉኝ ብላ ነው። እኔም አንገቴን ደፋሁ። ሁለት ቀን ሙሉ የመጣ ሁሉ ይጠይቃል፣ እናቴ ያንኑ ትመልሳለች፣ እኔ ምንጣፉን አያለሁ። በደሌ ተሸፍኖልኝ ያለቅሱልኛል!

በሦስተኛው ቀን አንዲት ነፍሰ ጡር መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ባሏ ከአባቴ ጋር ሰኞ ተከትቧል። "የኔም ሰውዬ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እያንቀጠቀጠው ነው" አለች በዝግታ። "መርፌው ነው እንግዲህ። ከገባ በኋላ ምን ይደረጋል? አላህ ያውቃል።"

ያኔ አልቻልኩም። ተነስቼ ቆምኩ።

"ወባ ነው!" አልኩ። "አባቴን የገደለው ወባ ነው፤ መርፌ አይደለም። ጣቱን ያልወጋሁት እኔ ነኝ። እማየ ለኔ ብላ ነው የዋሸችው። ሂጂ፣ ባልሽን አሁኑኑ አምጪልኝ፣ መድኃኒቱ አለ፣ ይድናል!"

እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ስድብ ጠበቅሁ፤ ቢረግሙኝ፣ ቢደበድቡኝ በወደድኩ ነበር። ባሚያ ሻጯ ጎረቤታችን ግን ቀስ ብለው ተነሱና ትከሻዬን ይዘው አስቀመጡኝ።

"አይዞህ ልጄ" አሉኝ ጀርባዬን እየዳበሱ። "መንግሥት እንዲህ በል ብሎ አዞታል። እንጀራ ነው፣ እኛ ያውቃል።"

"ወላሂ እውነቴን ነው" አልኩ፤ ለቅሶው ግን ቀደመኝ። ቤቱ ሙሉ አብሮኝ አለቀሰ። ነፍሰ ጡሯም ከንፈሯን መጠጠችልኝ እንጂ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም።