ለዶክትሬት ዋስ የቆምኩ ዕለት

ነገሩ የሆነው አምና፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ዛሬም ትዝ ሲለኝ መጀመሪያ አፍራለሁ፤ ቀጥሎ ደረቴ ይነፋል።

እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለየሁት በሰፈራ ከወሎ መጥተን መሠረተ ትምህርት ሲሰጡን ነው። እግሬም አንድ ቦታ አያርፍም፤ አንዴ ባምባሲ ልጄ ዘንድ፣ አንዴ ሸርቆሌ ወንድሜ ዘንድ ነኝ። ያን ዕለት ከሸርቆሌ በሚኒባስ አሶሳ የገባሁት የልጅ ልጄ ሰሚራ የዶክትሬት ጥናቷን ስለምታቀርብ ነው።

ጥናቱን አስረድታኛለች። ተራራውን፣ ቀርከሃውን፣ ምንጩን፣ እርሻውንና ሰዉን ለየብቻ ሳይሆን እንደ አንድ ቤት ማየት ነው። እኛ ሰፋሪዎቹና የአገሩ ነባሮች በርታዎቹ ያንን ቤት አብረን እንዴት እንደምንይዘው ለማወቅ ስንት ዓመት በየማሳው ዞረች። እኔን ወጣች እያልኩ እስቅ ነበር።

አዳራሹ ውስጥ ፈታኞቹ ተደርድረው ተቀመጡ፤ እሷ ብቻዋን ፊታቸው ቆመች። አንድ ባለመነጽር ፈታኝ አፈሩንም፣ ውሃውንም፣ ሕጉንም ነካክተሻል እያለ ያፋጥጣት ጀመር።

በመጨረሻ፣ "ሁለቱ መንደሮች ምንጩን አብረው ይጠብቃሉ ብለሻል። አንቺ ስትሄጂስ? በምን እንመንሽ?" አላት።

ሰሚራ ወረቀቷን ገለጠች፣ መልሳ ከደነች። የዚያ ሁሉ ዓመት ልፋት በአንድ ጥያቄ ሊቀር ነው አልኩ በልቤ።

በእኛ ዘንድ ሰው በሽማግሌ ፊት በምን እንመንህ ከተባለ ዋስ ይጠራል። ስለዚህ ተነሣሁ።

"ዋሷ እኔ ነኝ" አልኩ።

አዳራሹ ሳቀ። ሰብሳቢዋ በትሕትና እዚህ ዋስ እንደማይጠራ ነግረው እንድቀመጥ ለመኑኝ። ላብ አጠመቀኝ። ልቀመጥ ስል ከኋላዬ ወንበር ተንቋቋ። ሼህ ሐሚድ ናቸው፤ ሰሚራ ካጠናችባቸው መንደሮች የአንዱ፣ የበርታዎቹ ሽማግሌ።

ጀለቢያቸውን አስተካክለው፣ በሚኮላተፍ አማርኛቸው፣ "እኔም ዋስ ነው" አሉ። "ምንጭ የእኛ ነው፣ የእነሱም ነው። እሷ ሄደ፣ እኛ አለ።"

ሳቁ ቆመ። ሰሚራ ቀና አለች።

"ዋሶቼን አመሰግናለሁ፤ መልሱን ግን እኔው ልስጥ" አለች።

ከዚያማ ማን ያቁማት። ለካ ይህንኑ ለማየት አንድ በጋ ሙሉ ሆን ብላ ወደ መንደሮቹ ሳትሄድ ቀርታለች። የጥበቃውን ተራ መንደሮቹ ራሳቸው እንዳወጡ፣ ከብት የጣሰውን አጥር አብረው እንደጠገኑ፣ ምንጩም እንዳልደረቀ አንድ በአንድ አስረዳች። ባለመነጽሩ በአዎንታ ራሱን ይነቀንቅ ጀመር።

አስወጥተውን ቆይተው ሲጠሩን "ዶክተር ሰሚራ" አሏት። እልልታዬን አቀለጥኩት፤ ይህን ጊዜ ተቀመጪ ያለኝ የለም። ባለመነጽሩ መጥቶ ሁለት እጄን ያዘ።

"እማማ፣ እኔ ስፈተን የት ነበሩ?" አለኝ።

አልሐምዱሊላህ፣ በደህና አለቀ፤ የአዳራሹ ሳቅ ግን አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ቢሆንም ያ ቀን ቢመለስ ደግሜ እነሣለሁ። ሰሚራ አሁን ካማሺ ሄዳ ሌላ ተፋሰስ ልታጠና ነው። መንገዱ ክፉ ነው ይላሉ። እኔ ጓዜን ሸክፌያለሁ።